ለነገ ስንት ሊትር? ግምትንና ስሕተትን በወተት ቤት ደብተር መለካት

ማክሰኞ ማታ ወተት ሰብሳቢው ይደውላል፤ «ለነገ ስንት ላምጣ?» ይላል። ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ላይ ወተት ቤት የከፈተ ሰው ይህን ጥያቄ በየቀኑ መመለስ አለበት። አብዝቶ ቢያዝ ይተርፈዋል፤ አሳንሶ ቢያዝ ደንበኛው ባዶ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። የነገን ቁጥር በትክክል የሚያውቅ የለም። ሊታወቅ የሚችለው ግምትዎ አብዛኛውን ጊዜ በስንት ሊትር እንደሚስት፣ ወደየትኛው ወገን እንደሚያዘነብልና ስሕተቱ በብር ሲተመን ስንት እንደሆነ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ደብተር፣ እስክርቢቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ። ከዚህ በታች ያሉት ሊትሮችና ዋጋዎች ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው።

ሱቁን ገና ሊከፍቱ ከሆነ «ከተማው ይህን ያህል ሕዝብ አለው፣ እያንዳንዱ ሰው ይህን ያህል ይጠጣል» ከሚል ስሌት አይነሱ። በሀገር ደረጃ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በ1999ኙ ቆጠራ ሰበታም ቡራዩም እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ሰው አልሞሉም ነበር። ዛሬ በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ፣ በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ የሄደ ሰው ያ ቁጥር ምን ያህል እንዳረጀ ሳይነገረው ያየዋል። ከተሞቹም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተማ ሆነዋል። ስለዚህ አስተማማኙ ቆጠራ ከሱቅዎ ደጃፍ የሚጀምረው ነው።

ደብተሩን ማስመር

ሰባት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፣ የቀኑ ዓይነት፣ ግምት፣ የገባ፣ የተሸጠ፣ ተጠይቆ የታጣ፣ የተረፈ። «ግምት» የሚለው ዓምድ ከዋዜማው ማታ ይሞላል፤ በእስክርቢቶ ይጻፍ፣ አይሰረዝ። ወተቱ ከተሸጠ በኋላ «ይህንማ ድሮም አውቄው ነበር» የማይል ሰው የለም፤ ያልተጻፈ ግምት ስሕተቱ አይለካም።

ብዙ ነጋዴ የሚዘለው ዓምድ «ተጠይቆ የታጣ» የሚለው ነው፤ ስሌቱን ሁሉ የሚያበላሸውም እሱ ነው። 60 ሊትር አስመጥተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ካለቀብዎ ደብተሩ «የተሸጠ 60» ይላል። በማግሥቱም 60 ያስመጣሉ፤ እንደገና 60 ይሸጣል። በዚህ ሁኔታ ዓመት ቢጽፉ ግምትዎ ፍጹም ትክክል መስሎ ይታያል፤ ደብተሩ ግን የሚነግርዎ የገበያውን ፍላጎት ሳይሆን የራስዎን ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ወተቱ ካለቀ በኋላ የመጣ እያንዳንዱ ሰው ስንት ሊትር እንደፈለገ ተጠይቆ በጭረት ይመዝገብ። ሱቅ የሚጠብቀው ልጅ ይህን መሥራት ካልቻለ ቢያንስ ወተቱ ያለቀበትን ሰዓት ይጻፍ። የተሸጠውና ተጠይቆ የታጣው ሲደመሩ የዕለቱ «የተጠየቀ» ይባላል፤ ግምትዎን የሚያስተያዩት ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

ቀኖቹን መለየት

በእኛ ሀገር ወተትን እንደሌላ ሸቀጥ ቆጥሮ አማካይ ማውጣት አይቻልም፤ ምክንያቱ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም አለ፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም አለ፣ ከነሐሴ 1 የሚጀምር ፍልሰታ አለ፣ እንደ ፋሲካው አዋዋል የሚረዝምና የሚያጥር፣ ሐምሌ 5 የሚፈታ የሐዋርያት ጾም አለ። ላሟ ግን አትጾምም። ከሰላሌ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታና አዲስ አበባ የሚወርደው ወተት በጾምም ይታለባል። ስለዚህ በጾም ጠያቂው ብቻ ሳይሆን የመግዣ ዋጋውና የተረፈው ወተት ዕጣ ፈንታም ይለወጣል።

አንድ ወተት ቤት በፍስክ ቀን በአማካይ 61፣ በጾም ቀን ደግሞ 24 ሊትር ይጠየቃል እንበል። አሥር የፍስክና ዘጠኝ የጾም ቀን አደባልቆ አማካይ ያወጣ ሰው 43 ተኩል ሊትር ያገኛል። ያን ያህል ወተት የተጠየቀበት ቀን አንድም የለም! ይህን አማካይ ይዞ የሚያዝ ሰው በፍስክ ቀን ደንበኛ ይመልሳል፣ በጾም ቀን ወተት ይደፋል።

ስለዚህ ለፍስክና ለጾም የተለያየ ገጽ ይያዙ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም፤ እነዚያ ረቡዖች የሚጻፉት በፍስኩ ገጽ ነው። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውሉም እንደዚያው። ሰፈርዎ ውስጥ ሙስሊም ደንበኛ የሚበዛ ከሆነ ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ አስበው ለብቻው ገጽ ይስጡት፤ የሚገዛበት ሰዓትም ወደ ማታ ይዞራል። ጴንጤው፣ ጨቅላ ያላት እናትና ማኪያቶ የሚያፈላው ካፌ በጾምም ይገዛሉ። የጾም ቀን ሽያጭ ዜሮ የማይሆነው በእነሱ ነው፤ ዘወትር የሚመጡ ስለሆኑም የዕለት ከዕለት መዋዠቁ በሊትር ሲታይ ያንሳል።

ከእነዚህ ገጾች በላይ ለመክፈት ግን አይቸኩሉ። ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ የደመወዝ ሰሞንን፣ ዝናባማ ቀንን ሁሉ ለየብቻ ካስቀመጡ በየገጹ ሁለት ሦስት ቁጥር ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ ምንም አይነበብም።

ስሕተቱን በሦስት መንገድ ማስላት

አሥር የፍስክ ቀን ተመዘገበ እንበል። ግምትዎ በየቀኑ 60 ነበር። የተጠየቀው በተራ ይህ ነው፦ 58፣ 63፣ 55፣ 66፣ 61፣ 49፣ 70፣ 64፣ 57፣ 67።

ከየቀኑ «የተጠየቀ» ላይ ግምቱን ይቀንሱ፤ ምልክቱን አይጣሉ። ‒2፣ +3፣ ‒5፣ +6፣ +1፣ ‒11፣ +10፣ +4፣ ‒3፣ +7 ይመጣል። የመደመር ምልክት ያለው ወተት ያጠረበት፣ የመቀነስ ምልክት ያለው የተረፈበት ቀን ነው።

መጀመሪያ እንዳሉ ደምረው ለአሥር ያካፍሉ። ድምሩ +10፣ አማካዩ +1 ሊትር ነው። ይህ የግምትዎ ዝንባሌ ይባላል፤ በአንድ ሊትር አሳንሰው የመገመት ልማድ አለብዎ ማለት ነው። ወደ ዜሮ የቀረበ ዝንባሌ ግን ጥሩ ግምት ማለት አይደለም። ዛሬ በ20 ሊትር አብዝቶ፣ ነገ በ20 ሊትር አሳንሶ የገመተ ሰውም ዝንባሌው ዜሮ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ፣ ምልክቱን ጥለው ይደምሩ፤ 52 ይሆናል፤ ለአሥር ሲካፈል 5.2። ይህ አማካይ ስሕተት ነው፤ ለሰው ሲያስረዱ «በቀን በአምስት ሊትር ገደማ እስታለሁ» ማለት ይችላሉ። ለዕለት ሥራ እኔ የምመርጠው ይህን ቁጥር ነው፤ ሳይተረጎም ይገባል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን ስሕተት በራሱ አባዝተው ይደምሩ። 370 ይመጣል፤ ለአሥር ሲካፈል 37፤ በስልኩ ላይ √ ሲጫኑ 6.1 ሊትር ገደማ። በራሱ ማባዛቱ ትልልቁን ስሕተት አጉልቶ ያወጣል፤ 11 ሊትር የተረፈበት ቀን ብቻውን ከ370ው 121ዱን ይዟል። ከዚህም በላይ 37 ለሁለት ይከፈላል። የዝንባሌው ካሬ 1 ነው፤ የቀረው 36 የገበያው የራሱ መዋዠቅ ነው። ግምትዎን ከ60 ወደ 61 ቢያሻሽሉ የሚጠፋው 1ዱ ብቻ ነው። 36ቱ፣ ማለትም 6 ሊትር ያህል መሳት፣ ገበያው እንዲህ እስከሆነና ሌላ መረጃ እስካልጨመሩ ድረስ ይኖራል።

ይህን መለየት ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል። ሠራተኛን «ለምን አምስት ሊትር አተረፍክ?» ብሎ መቆጣት ለ36ቱ ምንም አይፈይድም። በየቀኑ ወደ አንድ ወገን የሚስት ሠራተኛ ካለ ግን ያ ዝንባሌ ነው፤ ይታረማል።

ስንት ቀን ይበቃል?

የአሥሩ ቀን አማካይ 61 ነው። ሌላ አሥር ቀን ቢመዘግቡ ግን 59 ወይም 63 ሊወጣ ይችላል። ይህንን ጥያቄ ለትንሽ ናሙና በሚሆን መንገድ የመለሰው ዊልያም ጎሴት የተባለ ሰው ነው፤ ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ የሚገኘው የሙከራ ውጤት ሁልጊዜ ጥቂት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ጽሑፉን አወጣ።

አሠራሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቀን ከ61 የራቀበትን በራሱ አባዝተው ሲደምሩ 360 ይመጣል። ለአሥር ሳይሆን ለዘጠኝ ያካፍሉ፤ አማካዩን ያገኙት ከእነዚሁ ቁጥሮች ስለሆነ አንዱ ተቆጥሯል። 40 ይሆናል፤ √ ሲወሰድ 6.3። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው ይህ ነው። እሱን ለ√10 ሲያካፍሉ 2 ይመጣል። ይህን 2 በጎሴት ቁጥር ያባዙ፤ ቁጥሩ ለ5 ቀን መዝገብ 2.78፣ ለ10 ቀን 2.26፣ ለ30 ቀን 2.05 ነው። 2 ሲባዛ በ2.26፣ 4.5 ይሆናል። እንግዲህ የፍስክ ቀን እውነተኛ አማካይ በግምት ከ56.5 እስከ 65.5 ባለው መካከል ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ እንዲህ ተሠርተው ከሚወጡ መቶ ክልሎች 95 ያህሉ እውነቱን ይይዛሉ።

እዚህ ላይ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ያ ክልል የአማካዩ እንጂ የነገው ቀን አይደለም። ነገ ብቻውን የሚጠየቀው፣ በዚሁ መዝገብ ከተሰላ፣ ከ46 እስከ 76 ሊትር ሊደርስ ይችላል። መዝገቡ እየበዛ ሲሄድ የአማካዩ ክልል ይጠብባል፤ የነገው ግን አንድ ደረጃ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ የገበያው መዋዠቅ አይጠፋምና። ለአንድ ወር የኮንትራት ስምምነት የሚያስፈልግዎ የመጀመሪያው ክልል ነው፤ ለነገ ትእዛዝ ሁለተኛው።

ሊትሩን ወደ ብር መለወጥ

አንድ ሊትር በ70 ብር ገዝተው በ90 ይሸጣሉ፤ የተረፈው በፍስክ ቀን እርጎ ሆኖ 50 ብር ያወጣል እንበል። ደንበኛ የመለሱበት እያንዳንዱ ሊትር 20 ብር ያሳጣዎታል፤ የተረፈው እያንዳንዱ ሊትርም 20 ብር ያከስርዎታል።

«በአማካይ 61 ሊትር ስለምጠየቅ 61 አዝዤ በሊትር 20 ብር፣ በቀን 1,220 ብር አተርፋለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ስሕተትም ነው። አሥሩን ቀን አንድ በአንድ ያስሉት። በስድስቱ ቀን 61ዱም ተሽጦ 1,220 ብር ይገኛል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም፤ 70 ሊትር ቢጠየቅም ያለው 61 ነው። በቀሩት አራት ቀናት ትርፉ 740፣ 980፣ 1,060 እና 1,100 ብር ነው። አማካዩ 1,120 ብር ይሆናል። መቶ ብሩን የወሰደው መዋዠቁ ነው፤ ጥሩው ቀን ጣሪያ አለው፣ መጥፎው ቀን ግን ይወርዳል። የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ሲያቅዱ የሚይዙት 1,120ውን ነው።

በጾም ቀን ነገሩ ይለወጣል። እርጎም ስለማይሸጥ የተረፈው ወተት ተንጦ ቅቤ እስኪሆን ይቆያል፤ 30 ብር ብቻ ያወጣል እንበል። ማጣት አሁንም 20 ብር ነው፤ መትረፍ ግን 40 ብር ሆነ። ዘጠኝ የጾም ቀን ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር 18፣ 20፣ 21፣ 22፣ 24፣ 25፣ 27፣ 28፣ 31 ነው፤ አማካዩ 24። ስንት ይዘዙ?

የማጣትን ጉዳት ለሁለቱ ጉዳቶች ድምር ያካፍሉ፦ 20 ለ60፣ አንድ ሦስተኛ። ከተደረደሩት ቁጥሮች ከታች ጀምረው አንድ ሦስተኛው ላይ ይቁሙ፤ ከዘጠኙ ሦስተኛው 21 ነው። 21 ሲያዙ ትርፍዎ በአማካይ 393 ብር፣ አማካዩን 24 ሲያዙ 380 ብር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሁለት ሊትር አይጨነቁ። «ደንበኛ ከሚመለስ ይትረፍ» ብለው 31 ቢያዙ ግን ወደ 200 ብር ይወርዳል። በፍስክ ቀን ሁለቱ ጉዳቶች እኩል ስለሆኑ መልሱ ግማሽ ነው፦ ከ61 እስከ 63 ካሉት የትኛውንም ቢያዙ ትርፉ ያው 1,120 ነው።

ደንበኛ ተመልሶ ለሁልጊዜ ከቀረ ጉዳቱ ከ20 ብር ይበልጣል የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። 20ውን 40 ያድርጉትና እንደገና ያካፍሉ።

መለኪያውን መለካት

የሊትር መለኪያዎ ራሱ ይሳሳት እንደሆነ ያረጋግጡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። አሥር ጊዜ ቀድተው አሥር ጊዜ ይመዝኑ። አንዴ 1,010፣ አንዴ 990 ግራም ቢመጣ አያስጨንቅም፤ በቀኑ ውስጥ ይቻቻላል። ሁልጊዜ 1,030 አካባቢ ከመጣ ግን መለኪያው ሰፊ ነው፤ 60 ሊትር ገብቶ የሚወጣው 58 መለኪያ ብቻ ነው፤ በየቀኑም እንዲሁ። ከሰብሳቢው በኪሎ የሚረከቡ ከሆነ ደግሞ ወተት ከውሃ ትንሽ እንደሚከብድ ያስታውሱ፤ 20 ሊትር ወተት 20.6 ኪሎ ገደማ ነው።

የወተትን ጥግግት የሚለካው ላክቶሜትር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥሩ ወተት 30 አካባቢ ያነባል፣ ማለትም 1.030፤ ውሃ ሲጨመር ይወርዳል። ወተቱ ሞቅ ካለም ይወርዳል። ቅባቱ ሲገፈፍ ደግሞ ይወጣል፤ ስለዚህ ገፎም ውሃ ጨምሮም የሚያመጣ ሰው ትክክለኛ ንባብ ሊያገኝ ይችላል። ከመቶ ርክክብ አምስቱ ውሃ የገባበት ነው እንበል። መሣሪያው ከአምስቱ አራቱን ይይዛል፤ ከንጹሖቹ 95 ደግሞ አሥሩን በስሕተት ይወነጅላል። «ውሃ አለበት» ከተባሉት 14 ውስጥ እውነተኛው 4 ብቻ ነው። በአንድ ንባብ ገበሬውን በሰው ፊት «ውሃ ጨምረሃል» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ሰው ያዋርዳል። የተጠረጠረውን እንደገና ይለኩ፤ ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ጋር ካልተያያዘ አሥሩ ንጹሓን ወደ አንድ፣ አራቱ ወደ ሦስት ይወርዳሉ። ልኬቱ እንዳይያያዝ ወተቱ ይቀዝቅዝ፣ በደንብ ይማሰል፣ ቢቻል በሌላ ላክቶሜትር ይለካ። ያንኑ ትኩስ ወተት በዚያው መሣሪያ ሁለቴ ማንበብ ያንኑ ስሕተት ሁለቴ መጻፍ ነው።

ከሰነፍ ግምት ጋር ማወዳደር

በየወሩ ግምትዎን ምንም ከማያስብ ግምት ጋር ያስተያዩት፤ ለምሳሌ «ነገ የሚጠየቀው ባለፈው ተመሳሳይ ቀን የተጠየቀውን ያህል ነው» ከሚለው። በላይኛው የፍስክ መዝገብ ይህ ሰነፍ ግምት በአማካይ በ9.4 ሊትር ይስታል፤ ሳይነቃነቅ 60 የሚለው ግን በ5.2። ትናንት 70 ስለተጠየቀ ዛሬ 70 ማዘዝ የገበያውን መዋዠቅ እንደ ዜና መቁጠር ነው። የእርስዎ ግምት በሰነፉ ከተሸነፈ ምናልባት አማካዩ ራሱ ተንቀሳቅሷል፦ ከጎንዎ ሌላ ወተት ቤት ተከፍቷል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ገብቷል፣ ወይም መንገዱ ተቆፍሯል። ያን ጊዜ የድሮውን ቁጥር ሳይቀላቅሉ አዲስ ገጽ ይጀምሩ። ጾም ሲገባና ሲፈታ፣ የመግዣ ዋጋ በተለወጠ ቁጥርም፣ የማጣትና የመትረፍ ጉዳትን እንደገና አስልተው ክፍልፋዩን በገጹ ራስጌ ላይ ይጻፉት።